ሰባት አባት ለአረፋ

ሽርጭ... ሽርጭ... ሽርጭ።

ድምፁ ከመጋረጃው ጀርባ ይመጣል። ቀጭን ነው፤ ይሄድና ይመለሳል። ስድስት ልጆች ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ያዳምጣሉ። የጨዋታው ሕግ ቀላል ነው፤ ሳያዩ መስማት፣ የሰሙትን ነገር በስሙ መጥራት፣ ከዚያ ስለ እሱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር።

«አወቅኩት!» አለች ዊዳድ። «ቢላ ነው! አባቴ ለአለፋ በግ የሚያልድበት!»

«ለአረፋ» አልኳት ከመጋረጃው ጀርባ፣ ቢላውን ከሞረዱ ሳላነሳ። «የሚያርድበት። ምላስሽን ወደ ላይ።»

«ብያለሁ እኮ! አንተ ነህ የማትሰማው።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም እየሳቅሁ መጋረጃውን ገለጥኩና እንደ ልማዴ ቆጠርኳቸው። አምስት።

ስድስተኛውን ጠረጴዛ ሥር አገኘሁት። ከሊድ ጉልበቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል። ሌሎቹ የሸፈኑት ዓይናቸውን ነበር፤ እሱ በሁለት እጁ የያዘው አፉን ነው።

«ከሊድ፣ ጨዋታ ነው እኮ። ና ውጣ።»

ራሱን ነቀነቀ። ቢላው አሁንም እጄ ላይ መሆኑ ትዝ ያለኝ እሱ አተኩሮ ሲያየው ነው።

ክፍላችን ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ የንግግር ክፍል ይሏታል። ባለቤቷ ልዩ ፍላጎት የተማረችው መምህርት ሳሊሃ ናት። እኔ ጣሀ እባላለሁ፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ፣ ሥዕል የምችል፣ መንገድ ላይ ከራሴ ጋር ሳወራ ሰው የሚያየኝ ዓይነት ነኝ። ሳሊሃ የቀጠረችኝ ለልጆቹ የሥዕል ካርድ እንድሠራላት ነበር። መጋቢት ላይ ወለደችና ልጆቹንና ደብተሯን ለእኔ አስረክባ አራስ ቤት ገባች። ደብተሩ ውስጥ ለየበዓሉ የሚሆን የንግግር ጨዋታ አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ብላለች፦ «ልጅ የማያውቀውን ነገር አይናገርም። በዓልን የማያውቅ ልጅ ግን የለም።»

የአረፋ ገጾች ሦስት ጨዋታ አላቸው። አንዱ ይሄ የድምፅ ጨዋታ ነው። ሁለተኛው ሥጋ የማከፋፈል ነው፤ በካርዶቹ ላይ የተሣለውን ሥጋ ሦስት ቦታ ይመድቡና «ይሄ ለድሃ ነው፣ ይሄ ለጎረቤት ነው፣ ይሄ ለቤታችን ነው» ይላሉ። ሦስተኛው ኳስ እየተቀባበሉ ስም ጠርቶ «ዒድ ሙባረክ» መባባል ነው። ለሁሉም የሚሠራ አንድ ሕግ ደግሞ አለ። ቃል ያቃተው ልጅ በመዳፉ መሬቱን ሁለት ጊዜ ይመታል። ያን ጊዜ ጎኑ ያለው ልጅ አብሮት ይጀምርለታል። «የሚንተባተብ ልጅ ከሰው ጋር አብሮ ሲናገር ይለቀዋል» ብላ ሳሊሃ በቀይ አስምራበታለች።

ከሊድ መሬቱን ቶሎ ቶሎ የሚመታ ልጅ ነበር። በግ፣ ቢላ፣ ጫማ፣ ሁሉም ትንሽ አንገራግሮም ቢሆን ይወጣለታል። የገዛ ስሙ ላይ ሲደርስ ግን አንዳች ነገር በሩን ይዘጋበታል። «ከ... ከ... ከ...» ይላል፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ይገተራል፣ ዓይኑ ይፈጣል። ያን ቀን ግን መሬቱን እንኳን አልመታም። እናቱ እስክትመጣ ከጠረጴዛው ሥር አልወጣም።

እናቱ ሳፊያ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የቀን ፈረቃ ወጥታ፣ ሻሿ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ ተጣበቀ መጣች። የሆነውን ነገርኳት።

«ቢላ አሳየኸው?»

«ድምፁን ነው ያሰማሁት። የአረፋ ጨዋታ ነው፤ ደብተሩ ላይ...»

«ወይ አንተ ልጅ!» አለችና ከሊድን ከጠረጴዛው ሥር ስባ አቀፈችው። «ሰምቶናል ማለት ነው። ትናንት ከአባቱ ጋር ስንጨቃጨቅ ተኝቷል ብለን ነበር።»

ልጁን ከዊዳድ ጋር ወደ ሜዳው ላከችና በሩ ላይ ቆማ ነገረችኝ።

«የበሽር ቤተሰብ ሥርዓት አለው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ በአረፋ ቀን ደሴ አያቱ ቤት ይወሰዳል። በጉ ታርዶ፣ ሥጋው ሳይቀመስ፣ ዘመድ ሁሉ ፊት ይቆምና ሰባት አባቱን ይቆጥራል። ብቻውን። ከቆጠረ ይመረቃል።»

«ካልቆጠረስ?»

«እስካሁን ያልቆጠረ የለም። ለከሊድ ግን ሙሄን ጠርተውለታል።»

ሙሄን በስም አውቀዋለሁ። እንጥል ቆራጭ ነው። የሱ ስም ሲነሳ ልጅ ያላቸው ሰዎች ወይ ይመርቁታል ወይ ዝም ይላሉ።

«ካልቆጠረ በነጋታው ከምላሱ ሥር ያለችውን ጅማት ሊቆርጣት ነው» አለች ሳፊያ።

«ጤና ጣቢያ ወስዳችሁት የለ? ምላሱ ደህና ነው ተብሏል እኮ!»

«ተብሏል። ደህና ከሆነ ለምን አይናገርም ይለኛል በሽር። ምን ልበለው?»

«አይሆንም በይው።»

«አንተ በለው» አለችኝ። «እኔ ብዬ ብዬ ደክሞኛል።»

በማግስቱ በሽርን ባጃጅ መቆሚያው ላይ አገኘሁት። ከፊት መስታወቱ በላይ «ሶብር»፣ ትዕግሥት፣ የሚል ጽሑፍ የለጠፈባት ሰማያዊ ባጃጅ አለችው።

«ግባ። ወዴት ነህ?»

«የትም። ስለ ከሊድ ነው ጋሼ በሽር።»

ሞተሩን አጠፋው። ከኋላው ያለው ሹፌር ጡሩምባ ሲነፋበት «እለፍ አቦ!» አለውና ወደ እኔ ዞረ።

«ስማኝ ጣሀ። አባቴን ታውቀዋለህ?»

«ሸህ ሸረፈዲንን? ስማቸውን ሰምቻለሁ።»

«ዱዓ ሲያደርግ የደሴ ሰው ያለቅሳል። እሱም በልጅነቱ እንደ ከሊድ ነበር። በሰባት ዓመቱ የሙሄ አባት ቆረጠው፤ አፉ ተፈታ። ታዲያ ለልጄ ያባቴን ዕድል ልንፈገው?»

«ደሙ ባይቆምስ? ቁስሉ ቢያመረቅዝስ?»

«አባቴ ሞተ?»

አንድ ቁጥር፣ አንድ ስም፣ አንድ በዚያ ምክንያት የሞተ ልጅ ልጠራለት ፈለግሁ፤ አእምሮዬ ውስጥ ያለው ግን ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ልጅ ብቻ ነበር።

«ልጄን የምጠላ መሰለህ?» አለ በሽር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባለፈው ሱቅ ልኬው የሰፈር ልጆች ተከትለውት መጡ። “ከ ከ ከ ከ፣ ያባቱ ባጃጅ አልነሳ አለች!” እያሉ። በእኔ ባጃጅ! እሱ አላለቀሰም። እኔ ነኝ ቤት ገብቼ...» የባጃጁን መሪ ጨበጠ። «ከቆጠረ በቃ። ወላሂ ሙሄን ራሴ እመልሰዋለሁ። ግን ብቻውን ይቆጥራል። ማንም አይመራውም። አንተም ብትሆን።»

ዘጠኝ ቀን ነበረን።

የቢላውን ጨዋታ ተውኩት። በምትኩ ከሊድንና ሰባቱን አባቶቹን በየካርዱ ላይ ሣልኳቸው። በሽርን ከባጃጁ ጋር፣ ሸህ ሸረፈዲንን ከምርኩዛቸው ጋር። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ማንም ስላላያቸው ከልቤ አውጥቼ ሣልኳቸው፦ ይማም በሬ ጠምዶ፣ እንድሪስ ወንዝ ሲሻገር፣ አደም ዛፍ ሥር፣ አራጋው በፈረስ፣ ሊበን ተራራ ላይ ቆሞ ፂሙ ነፋስ ሲበትነው።

«ሊበን ፂም ነበለው?» አለችኝ ዊዳድ።

«እኔ እንጃ።»

«ታዲያ ለምን ሣልክለት? ቢቆጣስ?»

ከሊድ ሳቀ። ከቢላው ቀን ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ባዶ ጀሪካን እንደ ድቤ እየመታሁ ሁሉም ልጆች አብረው ቆጠሩ። «ከሊድ በሽር! በሽር ሸረፈዲን! ሸረፈዲን ይማም!» ዊዳድ «ሸለፈዲን» እያለች ከሁሉም በላይ ትጮሃለች። በጅምላው ውስጥ የከሊድ ድምፅ አንዴም ሳይደናቀፍ እንደ ውሃ ይወርዳል። ጆሮዬን አፉ አጠገብ አድርጌ አረጋግጫለሁ። ከዚያ «አሁን ለብቻህ» ስለው ያው በር ይዘጋል። «ከ... ከ... ከ...» አንድ ቀን እየመታሁ አስጀምሬው ስሙን ካለፈ በኋላ ዝም ብልለት፣ የቀሩትን ሰባቱን ብቻውን ሳያርፍ ጠራቸው። የተቆለፈው አንድ በር ብቻ ነበር።

«ስሙን ይዝለለዋ!» አለች ዊዳድ። «በሽል ብሎ ይጀምል!»

ይሄን ለሳፊያ ነገርኳት። «እነሱ ዘንድ ራሱን ያልጠራ አባቱን አይጠራም» አለችኝ። «ከስሙ ካልጀመረ አልቆጠረም ነው የሚሉት።»

ሦስት ቀን ሲቀረን ለሳሊሃ ደወልኩ። ከኋላዋ ሕፃኗ ያለቅሳል።

«አታስቸኩለው» አለችኝ። «አንተ ስትቸኩል እሱም ይቸኩላል።»

«ሦስት ቀን ነው የቀረን! ከዚያ ሊቆርጡት ነው!»

«ታዲያ እኔ ላይ ለምን ትጮሃለህ? ቆጠራውን የሚያዙት ሽማግሌው አይደሉ? እሳቸውን አናግር። የመሬቱን ሕግ ይፍቀዱለት።»

በማግስቱ ሚኒባስ ያዝኩ። የሀረጎን ዳገት ስንወጣ የኮምቦልቻ ሙቀት ከኋላችን ቀረ፤ ደሴ ስንደርስ ጉሙ የጦሳን ተራራ ውጦታል። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ሌላኛው ጎናቸው አዞሩት። ሰኞ ገበያ በበግና በሰው ታጭቋል። በግ ትከሻው ላይ ያደረገ ሰው ከኋላዬ «መንገድ! መንገድ!» ሲለኝ የበጉ ትንፋሽ ማጅራቴን ያሞቀኛል። የሸህ ሸረፈዲን ቤት ከገበያው ጀርባ፣ ቅያሱ መጨረሻ ላይ ነው።

ባለቤታቸው እማማ ቡዜ በሩን ከፈቱልኝ። ሸሁ መደብ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ። ከፍ ብዬ «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ።

«ወአለይኩሙ ሰላም ይሉሃል» አሉ እማማ ቡዜ። «ተቀመጥ ይሉሃል። ከየት ነው የመጣኸው ይሉሃል።»

ሸሁ ምንም አላሉም ነበር። ትልቅ ሰው ትልቅ ዝምታ አለው ብዬ ተቀመጥኩ።

ጥጉ ላይ ሌላ ሰው ነበር፤ ቀጭን፣ ጥርሱ ነጭ፣ ጭኑ ላይ የተጠቀለለች የቆዳ ከረጢት ያስቀመጠ። ከየት እንደ መጣሁ ስናገር ሳቀ።

«የዚያ ልጅ አስተማሪ አንተ ነህ? እኔ ሙሄ ነኝ። የምትፈራኝ።»

«አልፈራሁም» አልኩ፤ ዓይኔ ግን ከረጢቷ ላይ ነበር።

«ምላስ እንደ ጥጃ ናት ወንድሜ። ገመዷን ካልፈታህላት አትቦርቅም። አባቴ የኚህን ታላቅ ሰው ምላስ ባይፈታ ኖሮ ደሴ ዛሬ በማን ዱዓ ትሰነብት ነበር? ይኸው ተቀምጠዋል፤ ይጠየቁ!»

ሸሁ ዓይናቸውን ከመቁጠሪያው አላነሱም። ጣታቸው ግን አንዲት ዶቃ ላይ ቆመ።

ካርዶቹን መደቡ ላይ ደረደርኩ። ስለ በዓል ጨዋታችን ነገርኳቸው፤ ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ ኳሱ፣ አብሮ ሲናገር እንዴት እንደሚለቀው። «ልጆቹ አንድ ሕግ አላቸው» አልኩ። «ያቃተው መሬቱን ሁለቴ ይመታል፤ ጎኑ ያለው ሰው አብሮት ይጀምርለታል። ስሙን ብቻ። የቀረውን ራሱ ይቆጥራል፤ እኔ ሰምቼዋለሁ። ሸህ፣ እባክዎ ይፍቀዱለት።»

«ኸረ ልጄ» አሉ እማማ ቡዜ ቀድመው። «ሰባት አባት በተውሶ አፍ አይቆጠርም።»

ሙሄ «ኧኸ!» ብሎ ጭኑን መታ።

ሸሁ ከሊድን የሣልኩበትን ካርድ አንስተው ረጅም ጊዜ አዩት። አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ከዚያ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፍነው በዜማ፣ ቀስ ብለው፣ «ያ... ረቢ... አግራለት...» አሉ፤ ጌታዬ አቅልልለት ማለታቸው ነው። ጣሪያው ራሱ ያዳመጠ መሰለኝ። ሦስታችንም «አሚን» አልን። ሌላ ነገር አልተናገሩም። የሰባቱን አባቶች ካርድ መለሱልኝ። የከሊድን ግን አልመለሱም።

እማማ ቡዜ እስከ አጥሩ ሸኙኝ። «ፈቀዱ ማለት ነው?» አልኳቸው።

«እንጃላቸው። ልጁን ግን ይወዱታል። ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸው፤ በወረቀት ጽፈው ላኩለት። ጠርተውት ግን አያውቁም። “ሰውዬው መጣ?” ነው የሚሉት።» ሳቅ አሉ። «አብሽር። ግባ በጊዜ፣ ዝናብ መጥቷል።»

ሳይፈቀድልኝ ተመለስኩ። የአረፋ ዕለት ጠዋት በሽር ደወለ። «መጥተህ እይ» አለኝ። «በኋላ አላየሁም እንዳትል።»

ከዒድ ሰላት በኋላ ደሴ ስደርስ የሸሁ ቤት ሞልቷል። ወንዶቹ በግድግዳው ዙሪያ ምንጣፍ ላይ፣ ሴቶቹ የጓዳው በር አጠገብ። ሙሄ ከውጭ በር አጠገብ፣ የጫማው ክምር ጎን ተቀምጧል። ከረጢቷን ዛሬም ይዟታል። ከሊድ እጅጌው ጣቱን የሚሸፍን አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ እናቱ ጉልበት ላይ ተለጥፏል።

ከግቢው ድምፅ መጣ። ሽርጭ... ሽርጭ... ሽርጭ።

የከሊድ እጅ ወደ አፉ ሄደ። ሳፊያ ቀስ ብላ ጎተተችለትና በእጇ ውስጥ ያዘችው። በጉ ታረደ። ከዚያ የምጣድ ጩኸት፣ የሥጋው ሽታ፤ ግን ማንም አልተነሳም። ሁሉም ወደ ልጁ እያየ ነው።

«ቁም ልጄ» አለ በሽር። «በል፣ አንተ ማነህ?»

ከሊድ መሃል ገብቶ ቆመ። አየኝ። ፈገግ ልልለት ሞከርኩ።

«ከ...» አለ።

ረጅሙን እጅጌውን ጨበጠ።

«ከ... ከ... ከ...»

አንድ የአጎቱ ልጅ «አልነሳ አለች!» ብሎ ሊስቅ ሲል እናቱ ቆነጠጠችው። ሸህ ሸረፈዲን መደባቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የከሊድ አንገት ሥር ተገትሮ ወጣ፤ ከንፈሩ ነጣ። በሽር ጥፍሩን መዳፉ ውስጥ ቀብሮ መሬት መሬት ያያል።

«አታስጨንቁት» አለ ሙሄ በለሆሳስ፣ ደግ ሰው በሚናገርበት ድምፅ። «ነገ በሰላም ይፈታል። ሥጋው ይምጣ።»

ከሊድ ተንበረከከ። ምንጣፉን በመዳፉ መታው። ጣ፣ ጣ።

«ምን ያደርጋል?» አለ አንዱ። «ተናዶ ነው» አለ ሌላው።

እኔ አወቅሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። በሽር ቀና ብሎ ያን ጊዜ አየኝ። ማንም አይመራውም፣ አንተም ብትሆን። ብናገር ቆጠራው ፈረሰ፤ ዝም ብል ልጁ ቆሞ ቀረ። ከሊድ ወደ እኔ ዞረ። ደገመው። ጣ፣ ጣ። እኔ መሬቱን አየሁ።

እስከ ዛሬ ከዚያች ቅጽበት የበለጠ የማፍርበት ነገር የለኝም።

ጣ፣ ጣ።

ይሄኛው የመዳፍ አልነበረም። ቀና ስል ሸህ ሸረፈዲን ምርኩዛቸውን ተደግፈው እየተነሱ ነው። ሰው ሁሉ ዝም በሉ ያሉት መሰለው። እሳቸው ግን ቀስ ብለው መሃል ገቡና ከሊድ ጎን ቆሙ። ከደረት ኪሳቸው ውስጥ የኔ ካርድ ጫፍ ብቅ ብሏል። አፋቸውን ከፈቱ። ዜማውን ጠበቅን።

«ከ...» አሉ።

ዜማ አልነበረም።

«ከ... ከ... ከ...»

«አስተግፊሩላህ» አለ ከጎኔ ያለ ሰው። «በልጁ እያላገጡ ነው እንዴ?»

እያላገጡ አልነበረም። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገትሯል፤ ዓይናቸው ፈጧል፤ ጢማቸው ይንቀጠቀጣል። እማማ ቡዜ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ያልደነገጡት እማማ ቡዜ ብቻ ነበሩ። ሙሄ ጀርባውን ከግድግዳው አላቀቀ።

ከሊድ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ አያቱን አያቸው። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም፤ ፍርሃት የለበትም፤ አንድ ነገር ያገኘ ልጅ ፊት ነው። ተነሳና እጃቸውን ያዘ። ሽማግሌው በምርኩዛቸው መታ አደረጉ። አንድ። ሁለት። ሁለቱም አብረው ትንፋሽ ሲስቡ ሰማሁ።

«ከሊድ» አሉ፣ ሁለት ድምፅ ባንድ ላይ፤ አንዱ ሻካራ፣ አንዱ ቀጭን።

ሽማግሌው እዚያው ላይ አፋቸውን ዘጉ። ቀጭኑ ድምፅ ቀጠለ።

«ከሊድ በሽር። በሽር ሸረፈዲን። ሸረፈዲን...» ቆመ። ኮረኮንች ላይ እንደሚሮጥ ሰው ትንሽ ተንገዳገደ። በእግሩ ምንጣፉን ሁለቴ መታ፤ ማንንም አልጠበቀም። «...ይማም። ይማም እንድሪስ። እንድሪስ አደም። አደም አራጋው። አራጋው ሊበን!»

ከጓዳው በር ላይ እልልታ ተጀምሮ መሃል ላይ ተቋረጠ፤ ሰው መደሰት እንዳለበት ወይም እንደሌለበት አላወቀም።

«ብቻውን አይደለም እኮ» አለ ያ የአጎት ልጅ።

«ዝም በል!» አለ በሽር። ተነስቶ ቆሟል። ልጁን ሳይሆን አባቱን ነው የሚያየው። «አባዬ... አንተ እኮ ተቆርጠሃል። በሰባት ዓመትህ። የሙሄ አባት...»

ሸህ ሸረፈዲን ወደ መደባቸው ተመለሱ፤ የከሊድን እጅ አልለቀቁም። ልጁን ጎናቸው አስቀመጡትና አፋቸውን ለመልስ ከፈቱ። «አ... አ... አል...» አሉ። እማማ ቡዜ ሊጨርሱላቸው ከንፈራቸውን አላቀቁ። ሸሁ እጃቸውን አንስተው ከለከሏቸው። ቤቱ ሁሉ ጠበቀ። ጊዜ ወሰደ፤ ማንም አልቸኮለም።

«አልፈታኝም» አሉ።

ያን ጊዜ አንድ በአንድ ዓይኖች ወደ በሩ ዞሩ።

ሳፊያ የሥጋውን ትሪ ይዛ ወጣች። እንግዳ ይቀድማልና መጀመሪያ ሙሄ ፊት አስቀመጠችው። «ቢስሚላህ በሉ ጋሼ ሙሄ።»

ሙሄ ትሪውን አየ። ሸሁን አየ። በሽር መሃላውን ሊፈጽም ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ሙሄ ከረጢቷን ኮቱ ውስጥ ከተተና ከጫማው ክምር የራሱን ፈልጎ አገኘ። አንዱን አጠለቀ፤ ሌላውን በትክክል ሳያጠልቅ ተረከዙን ረግጦበት ተነሳ።

«ሥጋው...» አለ አንድ ሰው።

የአረፋን ሥጋ ሳይቀምስ፣ ሰላም እንኳን ሳይል፣ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ወደ ሰኞ ገበያ በሚያወርደው ቅያስ የረገጠው ጫማ ሲንሸራተት ይሰማን ነበር።